ደረቅ አፍ፣ ክፍት ማይክ

ሰኞ፣ 3

ይህን ደብተር የገዛችልኝ ልጄ ናት። "እማ፣ ሁሉንም ነገር ለአባዬ ከምትነግሪው ለወረቀት ንገሪው፤ እሱም ትንሽ ይረፍ" ብላ። እሺ። ከወረቀት ላይ ማውራትማ የኖርኩበት ሥራ ነው። ወረቀት ላይ ማውራት ግን አሁን መጀመሬ ነው።

የሬዲዮ ተራኪ ነኝ። እሑድ ማታ ከዜና በኋላ ልብ ወለድ የማነበው እኔ ነኝ። ፊቴን የሚያውቀው የለም፤ ሱቅ ገብቼ "ሳሙና አለ?" ስል ግን ባለሱቁ ቀና ይላል። ሌላው የምታወቅበት ነገር በአንድ ቅጂ ማንበቤ ነው። ምዕራፍ ከጀመርኩ እስክጨርስ አልቆምም፣ አልደግምም። ሌሎቹ "ይቅርታ፣ ከላይ እንጀምር" ሲሉ ይውላሉ፤ እኔ ኮቴን ለብሼ እወጣለሁ።

ዛሬ ዓይኔ አሸዋ የገባበት ይመስል ሲቆረቁረኝ ዋለ። ነፋሱ ነው። በዚያ ላይ ስቱዲዮ ውስጥ አዲስ የተተከለው ማቀዝቀዣ ልክ ፊቴ ላይ ይነፋል። የአለርጂ ክኒኔን ወሰድኩ። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ "አሁንም አልተሻልዎትም?" አለችኝ። ወቅቱ ነው፣ ሲያልፍ ያልፋል አልኳት።

ሐሙስ፣ 6

የቀረጻ ቀን። በአንድ ቅጂ፣ እንደ ልማዴ።

የድምፅ ባለሙያችን መቀስ ይባላል። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከደመወዝ ክፍል በቀር የሚያስታውስ የለም። ቅጽል ስሙ የወጣለት ቴፕ በምላጭ እየተቆረጠ በሚቀጠልበት ዘመን ነው፤ ዛሬ የሚቆርጠው በኮምፒውተር ነው። ከእኔ ጋር ሲሠራ የሚቆረጥ ነገር ስለሌለ ሁልጊዜ ቀድሞኝ ይወጣ ነበር። ሰሞኑን ግን ምን እንደነካው እንጃ። ዛሬ ከቦርሳው አንድ አረንጓዴ ፖም አወጣና ቆራርጦ በሶፍት ላይ አቀረበልኝ።

"ከማንበብሽ በፊት ብይ።"

"ምን ተገኘ? ዛሬ ነው እንዴ የተዋወቅነው?"

"ብይ ዝም ብለሽ።"

በላሁ። ኮምጣጣ ነው፣ ጥርሴን አንገበገበኝ፤ አፌን ግን አነቃው። ማይኩንም ከወትሮው ራቅ አድርጎ አቆመው። "አዲስ አሠራር ነው" አለ። ይሁን። ስወጣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አጥልቆ ቁጭ ብሏል። ስልኩ ይጠራል፣ አያነሳም። ሚስቱ ናት፤ ስክሪኑ ላይ አየሁት። እዚያ ቤት ውስጥ አንድ ነገር አለ።

እሑድ፣ 9፣ ማታ

ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን ራሴን ሰማሁ። የሰሞኑ መጽሐፋችን ስለ አንድ ውኃ ቆጣሪ አንባቢ ነው፤ ቤት ለቤት እየዞረ ቁጥር የሚመዘግብ፣ ከሰው ጋር ብዙ የማያወራ ሰው። ድምፄ ጥርት ብሎ ወጣ። እንከን የለውም፤ እውነቱን ለመናገር፣ ከአሥር ዓመት በፊት እንኳ እንዲህ ንጹሕ አልነበረም።

"እንዴት ነው?" አልኩት ባለቤቴን።

"ጥሩ ነው።" ቆየት ብሎ፣ "ሬዲዮ ላይ ጥሩ ነው" አለ።

"የት ሊሆን ኖሯል ታዲያ?"

ሳህን ማንሳት ጀመረ።

እራት ላይ ዳቦው አልወርድ ብሎኝ ነበር። ቁራሽ፣ ውኃ፣ ቁራሽ፣ ውኃ። "ዳቦው ደርቋል" አልኩ። እሱ የራሱን ቁራሽ በጣቱ ጫን ጫን አድርጎ አየውና ጎረሰው። በኋላ ወጥ ቤት ገብቶ ከልጃችን ጋር በስልክ ሲንሾካሾክ ሰማሁት። ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ሹክሹክታው እስከ መጨረሻው ዴስክ ይሰማል። "ከሾርባ በቀር አልወርድ ብሏታል... ዓይኗማ ደም መስሏል... አይ፣ አንቺ ንገሪያት፣ እኔ ላይ ትጮኻለች።"

መቼ ነው የጮህኩበት?

ሁለቱም ነገር ማጋነን ይወዳሉ። ደክሞኛል እንጂ ደህና ነኝ። ጣቶቼ ትንሽ ተሳስረዋል፤ የመጽሐፉ ክብደት ነው። ከራስጌዬ አንድ ጆግ ውኃ አስቀምጫለሁ፤ ሌሊት ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣብቆ ስለሚቀሰቅሰኝ። ሙቀቱ ነው።

ረቡዕ፣ 12

በችኮላ። ስብሰባ ነበር። አዲሱ ኃላፊ፣ ገና ጢሙ ያልጠነከረ፣ እጁን እያወናጨፈ፦ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ሁሉም ነገር ቀጥታ። ቅጂ የለም። "አድማጭ ሕይወት ይፈልጋል!" አቶ ቀጥታ ብዬዋለሁ። በቀጥታ የማይሄድ ፕሮግራም ይዘጋል፣ ሰዓቱ ለሙዚቃ ይሰጣል። የትረካው የመጨረሻ ምዕራፍ የመጀመሪያው ፈተና ነው፤ ከተሳካ ይቀጥላል፣ ካልተሳካ ትረካ የሚባል ነገር ከጣቢያው ይነሳል።

ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። ፈገግ አልኩ። እኔ እኮ ድሮም ቀጥታ ነኝ!

ሐሙስ፣ 13

ቀረጻ። መቀስ ፊቱን አጥቁሮ ጠበቀኝ። ቀጥታውን ተቃውሞ ኃላፊው ቢሮ ድረስ ሄዶ ተጨቃጭቋል አሉ።

"እምቢ በይ" አለኝ።

"ለምን እምቢ እላለሁ?"

"ዝም ብለሽ እምቢ በይ። ሌላ መጽሐፍ ይጀምሩበት።"

ገባኝ። ቀጥታ ከሆነ የሚቆረጥ የለም፤ የሚቆረጥ ከሌለ መቀስ ሥራ የለውም። አንጀቴን በላኝ። ስለዚህ እንደ ታላቅ እህት አስቀምጬ መከርኩት፦ ሥራ ሥራ ነው፣ ቤት ግን ቤት ነው፣ ሚስትህ ስትደውል አንሳ፣ ማታ በጊዜ ግባ፣ ሰው ከሚስቱ ሲኳረፍ ቢሮ ውስጥ አይደበቅም። አፉን ከፍቶ አየኝ። ሊስቅ ነው ወይስ ሊያለቅስ፣ አልለየሁትም። ከዚያ ፖሙን ቆረጠልኝ።

ጥሩ ምክር መከርኩት ብዬ ደስ እያለኝ ገባሁ።

ቅዳሜ፣ 15

የጥርስ ሐኪም ዘንድ። ኮምጣጣው ነገር ሲያንገበግበኝ ሰንብቶ ትናንት አንዱ ጥርሴ ጫፉ ተቆርሶ ወደቀ። ሐኪሙ አፌን ከፍቶ ብዙ ቆየ። ጥርስ ሐኪም ዝም ሲል ደግ አይደለም።

"ሦስት አዲስ ቀዳዳ አለ። ጣፋጭ ይወዳሉ?"

"አልወድም። ፖም እበላለሁ።"

"ኮምጣጣውን?"

"ለድምፄ ነው።"

መስታወቱን ምላሴ ላይ አደረገና ሊያነሳው ሲል መስታወቱ ተጣበቀ። እኔም አየሁት፣ እሱም አየው። "አፍዎ ውስጥ ምራቅ የለም" አለ፣ ኪሴ ውስጥ ገንዘብ እንደሌለ እንደሚነግረኝ ሰው ረጋ ብሎ። "ፖሙን ያቁሙ። ከዚህ ወጥተው ግን ወደ ውስጥ ደዌ ሐኪም ይሂዱ፤ ይህ የጥርስ ጉዳይ ብቻ አይደለም።"

ከቀጥታ ስርጭቱ በኋላ እሄዳለሁ።

ማክሰኞ፣ 18

ለሥራ ቀደም ብዬ መውጣት አለብኝ፣ ሁለት መስመር ብቻ። ጽሑፉን ሳነብ ፊደሎቹ ይደበዝዛሉ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ስከፍተው ይመለሳሉ። የሕትመት ክፍሉ ቀለም እየቆጠበ ነው። እነግራቸዋለሁ።

ሐሙስ፣ 20

ዛሬ የሆነውን በሥርዓት ልጻፈው፤ ነገ ማድበስበስ ስለሚያምረኝ።

ቀረጻ ጨርሼ ወጣሁ። በአንድ ቅጂ። አውቶቡስ ፌርማታ ደርሼ መነጽሬን ስፈልግ የለም፤ ተመለስኩ። ኮሪደሩ ጭር ብሏል። ከስቱዲዮው ውስጥ አንድ ሰው ማስቲካ የሚያላምጥ የመሰለ ድምፅ ይሰማል። ጭቅ። ጯ። ጭቅ። በሩን ገፋሁት።

"ማነው የሚያላምጠው?"

መቀስ ደንግጦ አጠፋው። "ኮምፒውተሩ ነው፤ ትንሽ..."

"አጫውተው።"

"ነገ ላጫውትልሽ።"

"አጫውተው አልኩህ!"

አጫወተው። እኔ ነበርኩ። "ቆጣሪ አንባቢው ደረጃውን ወጣ" በምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ፣ በየቃሉ መሀል፣ ምላሴ ከላንቃዬ ሲላቀቅ ይሰማል። ከንፈሬ ሲለያይ ይሰማል። "ሰ" ስል ያፏጫል። አንድ ቦታ ጭራሽ ሙሉ መስመር ዘልያለሁ፤ አላየሁትም ማለት ነው። ቀጥሎ እሱ ያጸዳውን አሰማኝ። የዘለልኩትን መስመር ከድሮ ምዕራፎች ቃል በቃል እየለቀመ በራሴ ድምፅ ሞልቶታል። ያ የወደድኩት፣ ከአሥር ዓመት በፊት እንኳ እንዲህ አልነበረም ያልኩት ድምፅ፣ የእሱ እጅ ሥራ ነው።

"ከመቼ ጀምሮ?" አልኩት።

"ዝናቡ ካቆመ ጀምሮ።"

"እዚህ የምታመሸው..."

"ሐሙስ። ዓርብም። ሲብስ ቅዳሜም።"

"ሚስትህስ?"

ጭንቅላቱን አከከ። "ባንቺ ቀናች። የት ታመሻለህ ስትለኝ፣ አንዲት ሴት ጆሮዬ ውስጥ እያወራች ናት የምታስመሸኝ አልኳት። ቀልድ ነበር፤ አልገባላትም።"

ባለፈው ሐሙስ አስቀምጬ የመከርኩትን ሁሉ አስታወስኩት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

"ታዲያ ለምን አትነግረኝም?"

"ምን ብዬ? 'በአንድ ቅጂ' እያልሽ ኮትሽን ለብሰሽ ስትወጪ ከኋላሽ ምን ብዬ ልጥራሽ?"

ማልቀስ ፈለግሁ፤ ዓይኔ ተቃጠለ እንጂ አንዲት ጠብታ አልወጣም። ለካ ማልቀስም ተከልክያለሁ። ያኔ ነው እውነት የፈራሁት። በቀጥታ ስርጭት መቀስ የለም።

ዓርብ፣ 21

ውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ባለቤቴ አብሬሽ ልሂድ ሲል አልጮህኩበትም፤ ለማስታወሻ ያህል።

ሐኪሟ በልጄ ዕድሜ ያለች፣ ነገር የማታንዛዛ። ከታችኛው የዓይኔ ሽፋን ሥር የወረቀት ቁራጭ ሰካችና ዓይኔን አስጨፍና አስቀመጠችኝ። እንባ ወረቀቱን ማርጠስ ነበረበት። ስታወጣው እንዳስገባችው ነው።

"ምን እየወሰዱ ነው?"

"የአለርጂ ክኒን።"

"ማን አዘዘልዎት?"

"እኔ።"

"ክኒኑ ያደርቃል። የደረቀውን የባሰ ሲያደርቁት ከርመዋል።" ከዚያ ከክንዴ ደም አስቀዳች። ምናልባት ከታችኛው ከንፈሬ ውስጥም ትንሽ ቁራጭ መውሰድ ሊያስፈልግ ይችላል አለች። የእኔ ከንፈር እኮ የቤታችን ማገር ነው። ቅድሚያ ደሙ ይታይ አለች።

ክኒኑን ከቤት እንደገባሁ ጣልኩት። ተራኪ ሆኜ ስንት የመድኃኒት ማስታወቂያ እንዳነበብኩ፤ ከታች በትንሹ የተጻፈውን በፍጥነት ማንበብ የተካንኩት እኔው ነበርኩ።

ዓርብ፣ 28

ደሙ ተናገረ፤ ከንፈሬ ተረፈ።

ስሙ ሾግረን ነው። ሁለት ጊዜ አስደገምኳት፣ አጠራሩን ለመያዝ፤ የሥራ ነገር ሆኖብኝ ስም ማበላሸት አልወድም። ሰውነቴን የሚጠብቀው ኃይል ተሳስቶ እንባና ምራቅ የሚያመነጩትን ዕጢዎች እንደ ጠላት ቆጥሮ ይዋጋቸዋል አለች። የጣቶቼ መተሳሰርም፣ ሳልሠራ መድከሜም ከእሱ ነው። ለካ የመጽሐፉ ክብደት አልነበረም።

"ይድናል?"

"አይድንም። በመድኃኒት ይያዛል።"

ይህችን ሐኪም ወደድኳት። ሌላው ቢሆን ግማሽ ሰዓት ያጽናናኝ ነበር። መያዝ ከሆነ እኔም እችላለሁ። ሰው ሁሉ ምራቋን የዋጠች ሴት ይለኛል፤ ለካ የምውጠው አልነበረም። ይህን ስነግራት ሳቀችና ክኒን ጻፈችልኝ፤ ምራቅ የሚያመጣ። ለዓይኔ ጠብታ፣ ለሌሊት ቅባት። ከዓይኔ ጥግ ያለችውንም የእንባ ማፍሰሻ ቀዳዳ በጣም ትንሽ በሆነች ውታፍ ደፈነችልኝ፣ ያለችኝ ጥቂት እንባ እንዳትሄድብኝ። አላመመኝም። ቆጥቢ አለችኝ ማለት ነው።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። "ሬዲዮ ላይ ጥሩ ነው ያልከኝ..." ስለው፣ "እቤት ስታወሪ ይሰማኝ ነበር" አለ። "ሬዲዮ ላይ ሲጠፋ ግራ ገባኝ። አንድና አንድ ሦስት ሊሆን አይችልም።" እና ለምን ዝም አልክ አላልኩትም። የሰውን ዝምታ ስከስስ ሳምንቱ አለቀ።

እሑድ፣ 30

ክኒኑ ይሠራል። ምራቅ መጣ! ላብም አብሮ መጣ፤ በዚህ ብርድ ጠዋት እንደ ወዛደር ግንባሬን እየጠረግሁ ቁርስ በላሁ። ዳቦ! ወረደ። ባለቤቴ ጡረታው የተሰረዘ መስሎታል፤ በየሰዓቱ ከሳሎን "ጠብታ!" እያለ ይጮኻል፣ ልክ ተማሪ ክፍል እንደሚያስገባ። ስኳር የሌለው ማስቲካ ገዝቶልኛል። በዚህ ዕድሜዬ መስኮት ላይ ቆሜ ማስቲካ ሳላምጥ የጎረቤት ልጅ አይታኝ ሳቀች።

ለሃያ ደቂቃ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ከዚያ በኋላ ይደርቃል። ሲደርቅ አንድ ጉንጭ ውኃና ጥቂት ሰከንድ ዕረፍት ያስፈልገኛል፤ ከዚያ ይመለሳል። ምዕራፉ ግን አንድ ሰዓት ነው።

ማክሰኞ፣ 2

ኃላፊው ቢሮ ሄጄ ነገርኩት። ከእኔ አፍ ይስማው ብዬ።

በጣም አዘነልኝ። ከወንበሩ ተነሣ፣ ውኃ ቀዳልኝ። "ጤናዎ ይቀድማል። ለእርስዎ ክብር ስንል ረዘም ያለ ዕረፍት..."

"ዕረፍት አልጠየቅኩም። የጠየቅኩት ማቀዝቀዣው ከፊቴ እንዲዞር ነው። ሌላው ደግሞ በየመሀሉ አንድ ጉንጭ ውኃ እጠጣለሁ።"

"እሱ አስቸጋሪ ነው" አለ። ማቀዝቀዣው አይደለም፤ ውኃው። ጣቢያው ዝምታ ጠባቂ የምንለው መሣሪያ አለው፦ አየር ላይ ጥቂት ሰከንድ ድምፅ ከጠፋ፣ አንድ ነገር ተበላሽቷል ብሎ በራሱ ሙዚቃ ወይም ማስታወቂያ ይለቃል። ይጥፋልኝ አልኩ፤ ሕጉ አይፈቅድም አለ። እሱ እውነቱን ነው፣ አይፈቅድም።

ከዚያ ሌላውን ጨመረ። ደራሲው ያዳምጣሉ። ሽማግሌ ናቸው፣ ኃይለኛ ናቸው፤ መጽሐፋቸውን የፈቀዱልን አንድ ቃል እንዳይቀነስ፣ አንድ ቃል እንዳይጨመር አስፈርመውን ነው። በተለይ መጨረሻው። መጨረሻው ላይ ቆጣሪ አንባቢው ለዓመታት ተኳርፎት የኖረ ወንድሙ በር ላይ ይደርሳል፣ ሊያንኳኳ እጁን ያነሳል፣ ሳያንኳኳ ይመለሳል። በቃ። ሰው የሚያስለቅስ መጨረሻ ነው። ለእንባ ላላቸው።

"አነባለሁ" አልኩት። "ካልሆነ ሰዓቱን ለሙዚቃ ስጡት።"

 

ሐሙስ፣ 4

ልምምድ። ጉድ ነው። መቀስ ዝምታ ጠባቂውን እውነተኛ እንደሆነ አድርጎ ከፈተው። ሃያ ደቂቃ አነበብኩ፣ አፌ ደረቀ፣ ብርጭቆዬን አነሳሁ፣ ገና ሳልውጥ የልብስ ሳሙና ማስታወቂያ ጭፈራ ስቱዲዮውን ሞላው። ታሪኩ ውስጥ ሰውየው እናቱን ቀብሮ እየተመለሰ ነበር። ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፤ ከዚያ ሳቁ አለቀና ተያየን።

"ሰውየው ሥራው ምንድን ነው?" አለኝ መቀስ።

"ቆጣሪ ማንበብ።"

"ምን ሲያደርግ ይውላል?"

"ይዞራል። ደረጃ ይወጣል፣ ይወርዳል..."

ወጥቶ ሄዶ ከጽዳት ክፍል አንድ ሳንቃ፣ ከመሳቢያው ደግሞ የራሱን አሮጌ ቆዳ ጫማ ይዞ መጣ። ጫማዎቹን በሁለት እጁ አጥልቆ ሳንቃው ላይ አስኬዳቸው። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ሰውየው ደረጃ እየወጣ ነው። ውኃዬን ጠጣሁ፣ ጠብታዬን ጨመርኩ፣ ሰውየው ፎቅ ደረሰ፣ ቀጠልኩ።

"ደራሲው ቃል አትጨምሩ ነው ያሉት" አለ። "ኮቴ ቃል አይደለም።"

ዕድሜውን ሙሉ የሰው ድምፅ ሲቆርጥ የኖረ ሰው፣ ዛሬ ጨመረ። ከመጨረሻው በፊት አምስት ቦታ ሰውየው እንዲራመድ ተስማማን። ትንሽ በዛ፤ ጫማ ይጨርሳል እንጂ ይችላል።

ሚስቱ ስትደውል እኔው አነሳሁላት። "ጆሮው ውስጥ የምታወራው ሴትዮ ነኝ" አልኳት። እስኪበቃን አወራን።

ቅዳሜ፣ 6

ባለቤቴ ምዕራፉን በትልልቅ ፊደል አሳትሞልኛል፤ ሁለት ኪሎ ይሆናል። ገጽ ስገልጥ እንዳይንኮሻኮሽ ጥግ ጥጉን አጥፎልኛል። አነበብኩ። ተኛሁ። ተነሣሁ። አነበብኩ። ደህና ነኝ።

እሑድ፣ 7፣ ማታ

ስልኬን አጥፍቼዋለሁ። ባለቤቴ ሳሎን ቁጭ ብሎ በራሱ ስልክ ለልጃችን ለሦስተኛ ጊዜ እየተረከላት ነው። እኔ ግን እንደሆነው ልጻፈው።

ከመስታወቱ ወዲያ ኃላፊው ራሱ መሣሪያው ላይ ተቀመጠ። መቀስ ከእኔ ጋር ወለሉ ላይ፣ ጫማውን በእጁ አድርጎ፣ ሳንቃውን ፊቱ ዘርግቶ። ቀይ መብራት በራ። ጀመርኩ።

ድምፄ መጣ። እንደ ሬዲዮው አልነበረም፤ ትንሽ ሻከር ብሏል፣ አንዳንዴ ጭቅ ይላል። ይበል አልኩ። እኔው ነኝ። ሰውየው አምስት ጊዜ ተራመደልኝ። ሁለተኛው ላይ ጠብታው ከዓይኔ ስቶ አንገቴ ውስጥ ገባ፤ ቀጠልኩ። ኃላፊው ከመስታወቱ ወዲያ አገጩን በእጁ ደግፎ ያዳምጣል፣ እጁን ማወናጨፍ ረስቶታል።

የመጨረሻው ገጽ። "በሩ ፊት ቆመ።" አነበብኩ። "ሊያንኳኳ እጁን አነሳ።" አነበብኩ። ከዚያ ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣበቀና ቀረ። ብርጭቆዬን ስይዝ ፊደሉም ደበዘዘ። መቀስን አየሁት። ጫማዎቹን አንስቷል፣ ላብ አጥምቆታል፣ አይነቃነቅም። ገባኝ፤ ሰውየው በር ላይ ቆሟል። የቆመ ሰው እንዴት ይራመድ? የዝምታ ጠባቂው ቢጫ መብራት ብልጭ አለ። ኃላፊው ከወንበሩ ተነሣ። የሳሙናው ጭፈራ ሊመጣ ነው፣ ትረካም አበቃለት፣ እኔም።

ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

መቀስ ሳንቃውን በጫማው ተረከዝ መታው። ሦስት ጊዜ። እኔ ውኃዬን ጎንጨት አደረግሁ፣ ምላሴ ተላቀቀ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ከፈትኩ፣ መስመሩን አየሁት፦ "ከዚያ ሳያንኳኳ እጁን ወደ ኪሱ መለሰ።"

አንኳኳ እኮ! አገር ሰምቶታል!

መቀስም አሁን ነው የገባው፤ ጫማ በለበሰ እጁ አፉን ያዘ። አንድ ቃል አይጨመርም። በዚህ ሁሉ ዘመን የሰው ጽሑፍ ላይ ነጠላ ሰረዝ ነክቼ አላውቅም። ግን አንድ ሰው ወንድሙን ቀርቦ በር አንኳኩቷል፤ ምንም እንዳልሆነ አድርጌ ልመልሰው? አልሆነልኝም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

"ከውስጥ ኮቴ ተሰማ" አልኩ።

መቀስ አንዴ አየኝና ጫማዎቹን አወረዳቸው። ቀስ ብሎ፣ እንደ ሽማግሌ። ቋ። ቋ። ቋ። ቆመ።

"ቁልፉ ዞረ" አልኩ። "በሩ ተከፈተ።"

ከዚያ በላይ የምለው አልነበረኝም፤ ማን እንደቆመ አላውቅም። የዝግጅቱን ስም ጠራሁ፣ የደራሲውን ስም ጠራሁ፣ የራሴን ጠራሁ። ከሁሉም በፊት ግን የድምፅ ባለሙያውን ጠራሁ፣ እናቱ ባወጣችለት፣ ሚስቱ በነገረችኝ ስም። ቀይ መብራቱ ጠፋ።

ኃላፊው በሩን በርግዶ ገባ። "ማን ፈቀደልዎት?" አለ። "ውል አለ እኮ! የተፈረመ ውል!" እሱ ይህን ሲል ከኋላው ስልኩ መጥራት ጀመረ። አንዱ ሲነሣ ሌላው ይጠራል።

ሰኞ፣ 8

ጠዋት ኃላፊው ቢሮ ተጠራሁ። ጠረጴዛው ላይ ከአድማጭ የተያዘ መልእክት ተከምሯል፤ ሁሉም የሚለው አንድ ነገር ነው፦ ማነው በሩን የከፈተለት? ስለ ምላሴ አንድም ሰው አላነሳም። አይ፣ አንዲት ሴት አንስታለች፤ የእኔም አፍ እንዲህ ይደርቃል፣ የትኛው ሐኪም ዘንድ ልሂድ ብላ። የእሷን ስልክ ቁጥር ኪሴ ከተትኩ።

"ደራሲው መስመር ላይ ናቸው" አለ ኃላፊው፣ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። "ትዕዛዙ ከእሳቸው ነው። አቁሙ ካሉ ይቆማል። እርስዎ ራስዎ ያነጋግሯቸው።"

ተቀበልኩት። አፌ ደርቋል፤ ይህኛው የፍርሃት ነው፣ መለየት ጀምሬያለሁ።

"አንቺ ነሽ ያነበብሽው?" አሉ። ድምፃቸው ደከም ያለ፣ ግን ቁጡ ነው።

"እኔ ነኝ፣ አባቴ።"

"እዚያ በር ላይ ሳቆመው ብዙ ተጨንቄበት ነው። እንዳያንኳኳ የፈረድኩበት እኔ ነኝ። አሁን ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ። ማነው የከፈተለት?"

ኃላፊው እያየኝ ነው። ብዙ የሚያምር ነገር ማለት እችል ነበር፤ ቃል የማጣ ሰው አይደለሁም።

"እኔም አላየሁትም" አልኳቸው። "ሕመም አለብኝ። በዚያ ሰዓት ዓይኔ ደርቆብኝ ነበር።"

ዝም አሉ። ስልክ ላይ ዝምታ ጠባቂ የለም፤ ጠበቅኩ።

"አፍሽስ?"

"እሱም።"

ሳቃቸው ሲመጣ በሳል ታጅቦ ነው። ወዲያው ወንበር ሲጎተት፣ መሳቢያ ሲከፈት፣ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ።

"እንግዲያው እኔ አየውና እነግርሻለሁ" አሉ። "እስከዚያ ውኃሽን እየጠጣሽ ጠብቂኝ።"